ዋስ ጥሩ

ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ሲጠየቅ የኖረ ሰው ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ በየወሩና በየዓመቱ መጠየቅ ዕጣው ስለ ሆነ፣ ፈተና የሚባለውን ነገር እንደ ክረምት ዝናብ ይለምደዋል፤ ይፈራዋል እንጂ አይደነቅበትም። መምህሩ የሚጠይቀው መልሱን እያወቀ ነው፤ ተማሪውም የሚመልሰው በመጽሐፍ የተጻፈውን ነው። ከምረቃ በፊት ባሉት ጥቂት ወራት ግን ተማሪው ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል። በዚህ ጊዜ ጠያቂው መልሱን አያውቀውም፤ መልሱም ከመጽሐፍ አይገኝም። ጥያቄው «አንተ ማን ነህ? ምን ትችላለህ? ማንስ ያውቅሃል?» የሚል ነውና። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ ያሰብነው ስለዚሁ ጥያቄ፣ ይልቁንም «ማን ያውቅሃል?» ስለሚለው ስለ መጨረሻው ክፍል ነው።

«እኛ» ስንል በ2016 ዓ.ም. የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የነበርን ሦስት የቁስቋም ልጆች ማለታችን ነው። ከመካከላችን አንዱ የሒሳብ አያያዝ፣ ሁለተኛው ስታቲስቲክስ፣ ሦስተኛይቱ የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነበርን። ቁስቋም ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት የምትገኝ ሰፈር ናት። ስሟን ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያኗ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያኗም ስም እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ሳለች ያረፈችበት ነው ከሚባለው በግብፅ አገር ከሚገኘው የቁስቋም ተራራ የመጣ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾመው የጽጌ ጾም ካለፈ በኋላ ኅዳር 6 ቀን የሚከበረው በዓል የዚህ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ሰፈራችን የስደተኛ ማረፊያ በሆነ ስም የምትጠራ ናት፤ ነዋሪዎቿም አብዛኞቹ ከየአገሩ እንጀራ ፍለጋ መጥተው ያረፉባት ናቸው። ከጋሞ አገር የመጡ ሸማኔዎች፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ጡረተኞች በአንድ ዕድር ይኖሩባታል።

ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪኩን ብንመረምር፣ ለተማረ ሰው ሥራ ፍለጋ ሁልጊዜ እንደ ዛሬው አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ተማሪው ጥቂት ነበረ። በታኅሣሥ ወር 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሲከፈትና የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የትምህርት ቤት ሲሆንም፣ አገሪቱ ከምታስመርቃቸው ሰዎች ይልቅ የሚያስፈልጓት ይበዙ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ፣ ይልቁንም በአስተማሪነት፣ እንዲያገለግሉ ተደረገ። ይህም ማለት ተማሪው ከምረቃው በፊት በሥራ ተፈትኖ ይመለስ ነበር ማለት ነው፤ ዋሱ ያው ሥራው ነበረ። በደርግ ዘመንም ተመራቂው በመንግሥት ምደባ ወደ ተላከበት ይሄድ ነበር እንጂ ቀጣሪ ፍለጋ ደጅ ለደጅ አይዞርም ነበር። ዛሬ ግን በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የግሎቹም ብዙዎች ናቸው። ትምህርቱ ለብዙ ሰው መዳረሱ የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን መዝጊያው አንድ ሆኖ አንኳኪው ሲበዛ፣ ከውስጥ ያለው ሰው «ማን ነህ?» ብሎ ደጋግሞ ቢጠይቅ አያስገርምም።

በእኛ ጊዜ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ደጃፍ ነበረ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። ስለዚህ ከምረቃ በፊት ሥራ የሚፈልግ ተማሪ በእጁ የሚይዘው ከሬጅስትራር የተጻፈለትን «ዕጩ ተመራቂ ነው» የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው። ቀጣሪው «ቴምፖህን አምጣ» ሲለው፣ ቴምፖ የሚባለው ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ከፈተናው በኋላ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ፈተናውን ቢወድቅስ? ይህን ጥያቄ ቀጣሪው በአፉ ይጠይቀዋል፤ ተማሪው ደግሞ ሌሊት በአልጋው ላይ ሆኖ ራሱን ይጠይቃል።

የሆነ ሆኖ መፈለጋችንን አላቋረጥንም። ጧት ጧት ወደ አራት ኪሎ ወርደን፣ ጋዜጣ ከሚያከራዩት ልጆች ዘንድ በጥቂት ሳንቲም ተከራይተን በድንጋይ ላይ ተቀምጠን የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን እናነብባለን። ማታ ደግሞ በቴሌግራም የሚለጠፉትን እንመለከታለን። «ዜሮ ዓመት» የሚል ስናገኝ ደስ ይለናል፤ የሥራ ልምድ የሌለውም ይወዳደር ማለት ነውና። ለቃለ መጠይቅ የሚሆን አንድ ጥቁር ኮት ነበረን። ባለቤቱ የስታቲስቲክሱ ተማሪ ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ሁለቱ ወንዶች በየተራ እንለብሰው ነበር። በአንድ ቀን ሁለታችንም ከተጠራን አንደኛው ጧት ለብሶት ይሄድና በምሳ ሰዓት ስድስት ኪሎ ላይ ለሌላው ያስረክባል። ኮቱ ከሁለታችንም ይልቅ ብዙ ቃለ መጠይቅ ያየ በመሆኑ፣ «እሱን ብቻ ብንልከው ይቀጠር ነበር» እያልን እንስቅ ነበር።

በጠያቂዎች ፊት ስንቀርብ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ራስን የማመስገን ነገር ነው። «ከሌሎች ይልቅ አንተን የምንቀጥርበት ምክንያት ምንድን ነው?» ይላሉ። እኛ በአደግንበት ቤት ታላቅ ሰው ሲናገር ልጅ ዐይኑን ወደ ምድር ይጥላል፤ ስለ ራሱ መልካም ነገር ቢጠየቅ «ምን አውቃለሁ?» ይላል። ራሱን የሚያወድስ ሰው መሳቂያ ነው፤ ምስጋና ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ነው የሚያምር። በቃለ መጠይቅ ክፍል ግን ዐይኑን የጣለ ሰው እንደ ፈሪ፣ «ምን አውቃለሁ?» ያለም በእውነት ምንም እንደማያውቅ ይቆጠራል። ስለዚህ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተሰብስበን፣ አንዳችን ጠያቂ ሌላችን ተጠያቂ እየሆንን፣ ሳንኮራም ሳናፍርም የሠራነውን ብቻ መናገርን ተለማመድን። «ጎበዝ ነኝ» ማለት ይከብዳል፤ «የዕድራችንን የሒሳብ መዝገብ ሁለት ዓመት ጽፌአለሁ» ማለት ግን እውነት እስከ ሆነ ድረስ አያሳፍርም። ይህን ልዩነት ያስተማረን የገዛ ልምምዳችን ነው።

ሌላም ዓይነት ጥያቄ አለ። ከመካከላችን አንዲቱ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለማስተማር ተፈትና፣ በተማሪዎች ፊት ያሳየችው የማስተማር ችሎታም ተመስግኖላት ሳለ፣ በመጨረሻ «ለማግባት አስበሻል ወይ? መቼ ነው?» ተባለች። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ፣ «ጌታዬ፣ ከእኔ በፊት የወጣውን ወንድም ይህን ጠይቀውት ከሆነ እኔም እመልሳለሁ» አለች። ጠያቂው ፈገግ አሉ፤ ነገር ግን ከዚያ ትምህርት ቤት ዳግመኛ አልተጠራችም። ወደ ቤት ስትመለስ ግን አላለቀሰችም። «ሥራውን አጣሁ እንጂ መልሱን አላጣሁም» አለችን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ፈተናው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው የሒሳብ አያያዙ ተማሪ ለገንዘብ ያዥነት ሥራ በአንድ የግል ድርጅት ተፈትኖ አለፈ። የድርጅቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ደመወዙ እኛ ካየናቸው ሁሉ የበለጠ ነበር። እናቱ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ እርሱንና ሁለት ታናናሾቹን ያሳደጉ ሰው ስለ ሆኑ፣ የዚያን ቀን ማታ በቤታቸው ቡና ተፈላ፤ ጎረቤትም ተጠራ። በማግሥቱ ግን የሠራተኛ አስተዳደሩ ሹም አንድ ቅጽ ሰጡትና፣ «ዋስ ይዘህ ና። ዋሱም የወር ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ የሚያጽፍ ይሁን» አሉት።

በመጀመሪያ «እኔ አለሁ» ያሉት ጎረቤታችን አባባ ናቸው። አባባ በልጅነታቸው ከዶርዜ መጥተው ከ30 ዓመት በላይ በሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚህም በላይ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። የስንቱ ቤት የቀብር ገንዘብ በእጃቸው አልፎአል፤ አንድ ቀን ስንኳ ጎደለ ተብሎ አያውቅም። ሹሙ ግን፣ «ደመወዝ ከሌላቸው አይሆንም» አሉ። ይህን ለአባባ ስንነግራቸው መወርወሪያቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ፣ «ደመወዝ ማለት ምንድን ነው ልጆቼ? ይኸው እጄ አይደለም ወይ ደመወዜ?» አሉ፤ ድሩንም እያስተካከሉ ሥራቸውን ቀጠሉ። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም። ለሰፈር ሁሉ ገንዘብ የታመኑ ሰው፣ ለአንድ ገንዘብ ያዥ ዋስ መሆን አልቻሉም።

ከዚህ በኋላ የሄድነው ወደ እትዬ ዘንድ ነው። እትዬ በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናቸው፤ ሦስታችንንም ፊደል ከቆጠርን በኋላ ያነበቡንና ያጻፉን እሳቸው ናቸው። በዕጣ የደረሳቸውን የኮንዶሚኒየም ቤት አከራይተው የባንኩን ዕዳ ገና በመክፈል ላይ ነበሩ። ነገሩን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ለዚህ ነው ፊታችሁ የጠቆረው? አምጡት ልፈርም» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ግን፣ የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ ሁሉ፣ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ሠራተኛው ለሚያደርሰው ጉድለት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ይላል፤ የገንዘቡ ልክ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። እትዬም እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ አንተን አምንሃለሁ፤ ይህን ወረቀት ግን አላምነውም። የገንዘቡ ልክ የታለ? ዛሬ የምፈርመው አንተን አውቄ ነው፤ ነገ ከአንተ ጋር ቁልፍ የሚይዘውን ሰው ግን አላውቀውም።»

እኛም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደን በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥን። ስለ ዋስትና የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 1920 ይጀምራል። በቁጥር 1922 ዋስትና በግምት የሚታሰብ ነገር እንዳልሆነ፣ በግልጽ መነገር እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበትም የገንዘብ ከፍተኛ ልክ ካልተገለጸ ውሉ እንደማይጸና ተደንግጎአል። ደግሞም የዋስትና ውል በጽሑፍ መደረግ እንዳለበት በቁጥር 1725፣ በጽሑፍ የሚደረግም ውል በሁለት ምስክሮች ፊት መረጋገጥ እንዳለበት በቁጥር 1727 ተጽፎአል። እትዬ ሕግ ሳይማሩ የጠየቁት ጥያቄ ከ60 ዓመት በላይ በሕግ ተጽፎ የኖረ ኖሮአል።

ተማሪው ይህን ይዞ ወደ ሹሙ ተመለሰና በትሕትና፣ «የገንዘቡ ልክ ቢጻፍልን?» ብሎ ጠየቀ። ሹሙም፣ «ይህ ቅጽ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም ፈርሞበታል። በሦስት ቀን ውስጥ ካልመጣ ተጠባባቂውን እንጠራለን» አሉት።

እነዚያ ሦስት ቀኖች ረጅም ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ማታ እትዬ ራሳቸው ወደ እናቱ ቤት መጥተው፣ «ፈርሚ ካልከኝ እፈርማለሁ። በእኔ ምክንያት እንጀራህ እንዲቀር አልፈልግም» አሉት። በዚህ ጊዜ ሸክሙ ከእሳቸው ትከሻ ወርዶ በእርሱ ላይ ሆነ። ልክ የሌለው ዋስትና በሕግ አይጸናም ብሎ ማስፈረም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ክርክር አንዲት አስተማሪ ከደመወዟ ጠበቃ ቀጥራ፣ ሥራዋን ትታ በፍርድ ቤት ደጅ እየተመላለሰች የምትከራከረው ነው። ከዚህም ሌላ፣ እኔ ታማኝ ነኝ ብሎ የሚፈርም ሰው፣ የፈረመው ቃል እንደማይጸና እያወቀ ሌላውን ሰው ማስፈረም ይገባዋልን? ሦስታችን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ተከራከርን። በመጨረሻ ነገሩን የቈረጡት እናቱ ናቸው። ምጣዳቸውን እያሰሱ ሳሉ ቀና ብለው፣ «የሰው ቤት አስይዘህ ያመጣኸው እንጀራ በጕሮሮዬ አይወርድም» አሉት። በሦስተኛው ቀን ቅጹ ሳይፈረም ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ በቀጣሪውም ወገን ያለውን ፍርሃት መካድ አይገባም። ገንዘብ ያዥ ገንዘብ ይዞ ቢጠፋ የሚጎዳው ባለ ሀብቱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ድርጅት እንጀራውን የሚበላው ሠራተኛ ሁሉ ነው። ስለዚህ መያዣ መፈለጉ ነውር የለበትም። የምንጠይቀው ስለ ልኩና ስለ መንገዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አዲስ ሠራተኛውን እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ በሙከራ እንዲያየው ተፈቅዶለታል። ሠራተኛ በሚያጎድለው ገንዘብ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ የመድን ድርጅቶች የሚሸጡት የታማኝነት ዋስትና አለ። የጎረቤትን ምስክርነት ወደ ገንዘብ የለወጡም አሉ። በባንግላዴሽ የግራሚን ባንክ መሥራች ሙሐመድ ዩኑስ መሬትም ቤትም ለሌላቸው ሴቶች፣ በትናንሽ ቡድን እያሰባሰቡ ገንዘብ በማበደራቸው በ1999 ዓ.ም. ከባንካቸው ጋር የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። በአገራችንም ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለገበሬዎች በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሮአል። እንግዲህ ጎረቤት የጎረቤቱን ጠባይ ከማንም ይበልጥ እንደሚያውቅ የተረዱ ሰዎች አሉ ማለት ነው። የአባባ እጅ በዚህ ሚዛን ቢመዘን የሚቀልል አይመስለንም።

ፈተናውን ሦስታችንም አለፍን። ከሁለት ወር በኋላ የሒሳብ አያያዙ ተማሪ ደመወዙ ከፊተኛው ያነሰ ሌላ ሥራ አገኘ። በዚያም ዋስ ተጠየቀ፤ ነገር ግን በቅጹ ላይ «ከስድስት ወር ደመወዝ የማይበልጥ» ተብሎ ልኩ በቁጥርና በፊደል ተጽፎ ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ «አሁን ይህ ሰው የጻፈው ወረቀት ነው» ብለው ፈረሙ። የቀሩት ሁለቱ ምስክሮች ነበሩ። ሕጉ የምስክርን ደመወዝ አይጠይቅምና አንደኛው ምስክር አባባ ሆኑ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በልጅነታቸው በለመዱት ፊደል፣ ጥለት እንደሚጥል ሰው ቀስ ብለው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ከዚያም ብዕሩን መልሰው፣ «ይኸው፣ እኔም ገባሁበት» አሉ። ከሁለታችን መካከል አንዲቱ ዛሬ በሌላ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ የስታቲስቲክሱ ተማሪ ግን ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ጊዜ ድረስ ኮቱን እየለበሰ በመፈለግ ላይ ይገኛል። አሁን ኮቱን የሚሻማው ሰው የለም።

ከዚህ ሁሉ የተረዳነውን በአጭሩ እንግለጥ። ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ራሳችሁ ስትጠየቁ የሠራችሁትን ተናገሩ፤ ዋስ ስትጠሩም የሚፈርምላችሁ ሰው ምን እንደሚፈርም ከእርሱ በፊት እናንተ አንብቡለት። መምህራን ሆይ፣ በመጨረሻው ዓመት ለተማሪዎቻችሁ ስለ ሥራ ውልና ስለ ዋስትና አንድ ሰዓት ያህል ብታስተምሩ፣ ብዙ ቤት ከዕዳ ታድናላችሁ። በሹመት ወንበር ያላችሁ ደግሞ በየመሥሪያ ቤታችሁ መሳቢያ ያለውን የዋስትና ቅጽ አውጥታችሁ ተመልከቱት፤ የገንዘቡ ልክ የሚጻፍበት ቦታ ከሌለው አንድ መስመር ጨምሩበት። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ መስመር ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያች መስመር ምክንያት አንዲት አስተማሪ ሌሊት እንቅልፏን ትተኛለች፤ አንድ ወጣትም የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል የማንንም ቤት አላስያዘም።